ቸርኬ ከመቀየርህ በፊት የጀርባውን ቁጥር አንብብ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፕራዶ 150 አለኝ። የፋብሪካው ቸርኬ 17 ኢንች ነው። ጀርባው ላይ 7.5 ጄ እና ኢቲ 25 ተጽፎበታል። ጎማው 265/65 ነው። አሁን በጣም ያማረ ቸርኬ አግኝቻለሁ። እሱም 17 ኢንች ነው፤ ግን 9 ጄ እና ኢቲ −12 ይላል። 285/70 ጎማ ላስገጥምበት አስቤያለሁ። ስድስቱም ቀዳዳ ልክክ ብሎ ይገባል። ጓደኞቼ «ከገባ ገባ ነው» ይሉኛል። ጎሚስታው ግን ቁጥሩን አይቶ «ኦፍሴቱ በጣም ይወጣል» አለኝ። ኦፍሴት ምንድን ነው? ልግዛው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ልጄ፣ ጎሚስታህን አመስግንልኝ። አብዛኛው ሰው የቀዳዳውን ቁጥርና የኢንቹን መጠን አይቶ ይጨርሳል። እሱ ግን የሚያስቸግረውን ቁጥር ነው ያየልህ።

ቸርኬን እንደ ከበሮ አስበው። የከበሮውን ወርድ እኩል ለሁለት የሚከፍል መስመር በሐሳብህ አስምር። አሁን ደግሞ ቸርኬው ሞዞው ላይ፣ ማለትም ቸርኬው በሚታሰርበት የመኪናው እምብርት ላይ፣ የሚለጠፍበትን ጠፍጣፋ ፊት ፈልግ፤ የቡሎን ቀዳዳዎቹ ያሉበትን ማለቴ ነው። ከመሀል መስመሩ እስከዚያ ፊት ድረስ ያለው ርቀት ነው ኦፍሴት የሚባለው። የሚለካው በሚሊሜትር ነው። ቸርኬው ላይ ኦፍሴቱን የሚያመለክተው ኢቲ የሚለው ምልክት ነው፤ ከጀርመንኛ የመጣ ምህጻር ነው።

ፊቱ ልክ መሀል መስመሩ ላይ ካረፈ ኢቲ 0 ይባላል። ከመሀል ወደ ውጭ፣ ማለትም ወደ መንገዱ በኩል ከሆነ ፖዘቲቭ ነው። ወደ ፍሬኑ በኩል ከገባ ደግሞ ኔጌቲቭ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይምታታበታል። ፖዘቲቭ ሲባል ጎማው ወደ ውጭ የሚወጣ ይመስለዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሞዞው ከቦታው አይነቃነቅም። ስለዚህ ፊቱ ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር የቀረው የቸርኬው አካል ወደ ውስጥ ይገባል። ኢቲው እያነሰ ሲሄድ መኪናው እግሩን እየከፈተ ይቆማል።

እንግዲህ ወደ አንተ ቸርኬ እንምጣ። ወረቀትና እርሳስ ያዝ። ኢቲውን ብቻውን አይተህ መወሰን አትችልም። ስፋቱም አብሮ መቆጠር አለበት፤ ከጄ ጋር የተጻፈው ቁጥር በኢንች የተለካ ስፋቱ ነው።

የድሮው ቸርኬህ 7.5 ኢንች ነው፤ 190.5 ሚሊሜትር ማለት ነው። ግማሹ 95 ገደማ ነው። ኢቲ 25 ስለሆነ ከሞዞው ፊት ወደ ውስጥ 120 ሚሊሜትር ይገባል፤ ወደ ውጭ 70 ይወጣል። አዲሱ 9 ኢንች ነው፤ 228.6 ሚሊሜትር። ግማሹ 114 ገደማ ነው። ኢቲው −12 ስለሆነ ወደ ውስጥ 102 ይገባል፤ ወደ ውጭ 126 ይወጣል።

ልዩነቱን ተመልከት። ከውስጥ በኩል 18 ሚሊሜትር ክፍተት ታተርፋለህ። ከውጭ በኩል ግን የቸርኬው ከንፈር 56 ሚሊሜትር ይወጣል። ይህ በአንድ ጎን ብቻ ነው። የጎማው መሀል ደግሞ በየጎኑ 37 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ስለሚሄድ የግራና የቀኝ ጎማህ ርቀት በ74 ሚሊሜትር ይሰፋል።

«ታዲያ ምን አለበት? መኪናው ሰፋ ብሎ ሲቆም አይገለበጥም» ትለኝ ይሆናል። እውነት አለህ። ሰፋ ያለ አቋም ተዳፋት ላይ በጎን ስትሄድ ይረዳል። እኔም ለዚህ ብዬ ኢቲውን ትንሽ ዝቅ ማድረግን አልቃወምም። 37 ሚሊሜትር ግን ትንሽ አይደለም። የሚከፈለውም ዋጋ በመጀመሪያ የሚታወቀው በመሪህ ነው።

የፊት ጎማ ሲዞር የሚዞርበት አንድ የማይታይ ዘንግ አለ። ዘንጉ ከላይኛው መጋጠሚያ ወደ ታችኛው እያጋደለ ይወርድና መሬቱን አንድ ቦታ ላይ ይነካል። መኪናውን የሠሩት መሐንዲሶች ያንን ነጥብና ጎማው መሬት የሚረግጥበትን መሀል አቀራርበው ነው ያስቀመጡት። አንተ ጎማውን 37 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ስታወጣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይረዝማል። ረጅም እጀታ ያለው መፍቻ ዳዶን በቀላሉ እንደሚፈታ ታውቃለህ። እዚህም ጎማው በመሪህ ላይ ያንን ረጅም እጀታ ያገኛል። አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲመታ መሪው እጅህ ላይ ይወረወራል። አንዱ ጎማ ደረቅ፣ ሌላው ጭቃ ላይ ሆኖ ፍሬን ስትይዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትትሃል። ቆመህ መሪ ስታዞርም ሊከብድህ ይችላል። ጎማው ራሱ ረዘም ሲል ያ ነጥብ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ውጭ ስለሚሄድ ነገሩን ትንሽ ያቃልለዋል። ግን ጥቂት ብቻ ነው፤ 37ቱን አይሸፍንም።

ሁለተኛው ኩሽኔታው ነው፤ ሞዞው የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ወይም ባለ ሮለር ክፍል ማለቴ ነው። የሞዞ ኩሽኔታ ክብደቱን በሁለቱ ረድፎች ላይ አከፋፍሎ እንዲሸከም ነው የሚሠራው። ጎማው ወደ ውጭ ሲሄድ ሸክሙ ወደ ውጭኛው ረድፍ ያጋድላል። በተለይ ጭነህ ኮረኮንች ላይ ስትሮጥ ይጎዳል። ነገ አይሰበርም። ዕድሜው ግን ያጥራል። ቴስቲናዎቹም፣ የመሪው ዘንጎች ጫፍ ላይ ያሉት መጋጠሚያዎች፣ እንዲሁ።

ሦስተኛው መነካካት ነው። እዚህ ላይ ከራሴ የደረሰውን ልንገርህ፤ ይህን አምድ ስጽፍ ሁሌ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት የራሴ ፒካፕ ላይ ኢቲው ዝቅ ያለ ቸርኬና ከፍ ያለ ጎማ አስገጠምኩ። ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሜ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዞርኩ፤ ምንም አልነካም። ወደ ቀኝ አዞርኩ፤ ምንም። ደስ አለኝና ወጣሁ። በማግስቱ አንድ ቦይ በሰያፍ እየተሻገርኩ ነበር። የግራ ፊት ጎማዬ ወደ ላይ ተጨፍልቆ፣ መሪው ወደ ቀኝ ተጠምዝዞ ነበር። ድንገት «ጭርርር» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጎማው የፓራፋንጎውን (የጭቃ መከላከያውን) የውስጥ ሽፋን ከኋላ ጠርዙ ይዞ ጎትቶታል። ከሽፋኑ ጀርባ የሚያልፈውን የገመድ እሽግም አብሮ ስቦታል። መብራቱ ጠፋ። እየጨለመ ነበርና ቀሪውን መንገድ ከፊቴ በሚሄድ መኪና ብርሃን ነው የወጣሁት። ያኔ የገባኝ ይህ ነው። ኢቲው ሲቀንስ ጎማው መሪ ሲዞር በቦታው አይዞርም። ልክ እንደ በር ሰፊ ቅስት እየሠራ ይወዛወዛል። የፊት ጠርዙ ወደ ባምፐሩ፣ የኋላ ጠርዙ ወደ ፓራፋንጎው ግርጌ ይሄዳል። ይህን ደግሞ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆመህ አታየውም።

በአንተ ላይ ጎማውም ይጨመራል። 265/65 ጎማ ከመሬት እስከ አናቱ 776 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 285/70 ደግሞ 831 ገደማ ነው። ዙሪያውን 27 ሚሊሜትር ይጨምራል ማለት ነው፤ ከፊትም ከኋላም። ስለዚህ ትልቅ ጎማና ዝቅ ያለ ኢቲ ተደራርበው ያንኑ ጠርዝ ያጠቁታል። በዚያ ላይ የፍጥነት ቆጣሪህ 100 ሲል ትክክለኛው ፍጥነትህ 107 አካባቢ ይሆናል። ይህኛው ግን ከኦፍሴት ጋር አይገናኝም፤ የጎማው ቁመት ያመጣው ነው።

ጭቃውንም አትርሳ። ከፓራፋንጎው ውጭ የወጣ ጎማ ጠጠርና ጭቃ በሮችህ ላይና መስታወትህ ላይ ይረጫል። በብዙ አገሮች ጎማ ከፓራፋንጎ ውጭ መታየቱ ራሱ በሕግ ያስጠይቃል። በምትነዳበት አገር ያለውን ደንብ አስቀድመህ ጠይቅ።

ስለዚህ መልሴ፦ ይህንን ቸርኬ አትግዛው። ማማሩን አልክድም። ለአንተ መኪና ግን አልተሠራም። እኔ ብሆን 8 ጄ ስፋት፣ ኢቲው ከ10 እስከ 25 የሆነ እፈልጋለሁ። 8 ጄ ኢቲ 10 ብትወስድ ከንፈሩ ወደ ውጭ የሚወጣው 21 ሚሊሜትር ነው፤ ከውስጥም 9 ሚሊሜትር ታገኛለህ። መሪህ ልዩነቱን ብዙም አያውቀውም። ጎማውንም 265/70 ብታደርገው ቁመቱ 803 ገደማ ነው። ከፍታ ታገኛለህ፤ ፓራፋንጎ የሚያስቆርጥህ ነገር አይመጣም።

ስትገዛም ሦስት ነገር አረጋግጥ። የመሀል ቀዳዳው የአንተን ሞዞ ማስገባት አለበት፤ የፕራዶ ሞዞ 106.1 ሚሊሜትር ነው። ቸርኬው የሚሸከመው ክብደት ጀርባው ላይ በኪሎ ተጽፎ ይገኛል፤ መኪናህ ከነጭነቱ በአንድ አክስል ላይ ከሚያርፈው ክብደት ግማሽ ማነስ የለበትም። ዳዶውም ከቸርኬው መቀመጫ ጋር መመሳሰል አለበት። የፋብሪካ ቸርኬ ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው ዳዶ ይወስዳል። ከገበያ የሚገዛው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሾጣጣ ዳዶ ይፈልጋል። የድሮውን ዳዶ አዲሱ ላይ ብታስረው የጠበቀ ይመስልሃል፤ ግን ይላላል።

ከዚያ ገንዘብህን ሳትጨርስ አንዱን ብቻ የፊት ጎማ ላይ አስገጥመህ ሞክር። መጀመሪያ በክሪክ አንስተህ በእጅህ አሽከርክረው፤ የፍሬን ካሊፐሩን መንካት የለበትም። ቀጥለህ ያንን ጎማ አንድ ጠንካራና የማይንሸራተት ከፍታ ላይ አውጣው፤ ሞላው ይጨፍለቅ። እንደዚያ እንዳለ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙረው። ሌላ ሰው መሪውን ይያዝልህ፤ አንተ ከጎን ሆነህ ተመልከት፤ እየዞረ እጅህን አታስገባ። መሪው ከቆመ በኋላ በጎማውና በላይኛው አርም (ሞዞውን ከሻንሲው ጋር በሚያያይዘው ክንድ) መካከል ትንሿ ጣትህ በነጻ ማለፍ አለባት። ይህ የእኔ መለኪያ ነው፤ ጭቃ ሲጋገርበትም ቦታ እንዲተርፍ ብዬ ነው።

ካስገጠምክ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ስትነዳ ዳዶዎቹን መልሰህ አጥብቅ። አዲስ ቸርኬ ትንሽ ይቀመጣል።

ጥያቄ፦ ጂምኒ እነዳለሁ፤ አዲሱን ባለ 15 ኢንች። ያገለገለ ቸርኬ አገኘሁ። 7 ጄ ይላል፤ ኢቲው ግን ተፍቋል። ሻጩ «ለክቼዋለሁ፤ ዜሮ ነው» አለኝ። በምን ላረጋግጥ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቀላል ነው፤ አንድ ቀጥ ያለ ዘንግና አንድ ሜትር ብቻ ይበቃል። ሻጩም የዋሸዎት አይመስለኝም። የት ላይ እንደተሳሳተ አሁን እናገኘዋለን።

ቸርኬውን ጎማ ሳይኖርበት በፊቱ አስተኝተው ጀርባውን ወደ ላይ ያድርጉት። ፊቱ እንዳይጫር ከሥሩ ጨርቅ ያንጥፉ። ዘንጉን ከጠርዝ ጠርዝ አጋድሙት። ከዘንጉ የታችኛው ጎን እስከ ሞዞ መቀመጫው ፊት ድረስ ቁልቁል ይለኩ። ይህ የጀርባ ጥልቀት ይባላል። አሁን ደግሞ የቸርኬውን ጠቅላላ ወርድ ከከንፈር እስከ ከንፈር ይለኩና ለሁለት ይክፈሉት። ከጀርባ ጥልቀቱ ላይ የወርዱን ግማሽ ሲቀንሱ የሚመጣው ኢቲው ነው።

እንበልና ጥልቀቱ 86 ሚሊሜትር ሆነ። የ7 ጄ ቸርኬ ጠቅላላ ወርድ 203 ሚሊሜትር ገደማ ነው። እዚህ ጋ ይጠንቀቁ። 7 ኢንች የሚባለው ጎማው የሚቀመጥበት የውስጥ ስፋት ነው። ከንፈሮቹ ሲጨመሩ አንድ ኢንች ያህል ይበልጣል። የ203 ግማሽ 101.5 ነው። 86 ሲቀነስ 101.5 ወደ −15 ተኩል ይመጣል። ሻጩ ግን 7 ኢንችን ቢከፍለው 89 ያገኛል፤ 86 ሲቀነስ 89 ደግሞ −3 ነው። «ዜሮ ነው» ያለው ከዚህ ሊሆን ይችላል። በከንፈሮቹ ምክንያት ብቻ 12 ሚሊሜትር ተኩል ጠፋ።

እንዲያውም ኢቲውን ማወቅ ሳያስፈልግዎ መወሰን ይችላሉ። የራስዎን ቸርኬ በዚያው መንገድ ይለኩ። የጂምኒው 5.5 ጄ ኢቲ 5 ነው። ስለዚህ ጥልቀቱ 87.5 አካባቢ መምጣት አለበት። 86 ከ87.5 ጋር ሲተያይ ከውስጥ በኩል ምንም የሚያሰጋ ነገር የለም። ቀጥሎ ከጠቅላላው ወርድ ጥልቀቱን ይቀንሱ። የድሮው 77.5 ይሆናል፤ አዲሱ 117። ወደ 40 ሚሊሜትር ይወጣል ማለት ነው። ለትንሽዬ መኪና ይህ ብዙ ነው። እኔ አልመክርዎትም። 6 ጄ ሆኖ ኢቲው 0 አካባቢ ቢያገኙ መኪናዎ አይከብደውም።

የመሀል ቀዳዳውንም ይለኩት። የጂምኒ ሞዞ 108 ሚሊሜትር ነው። አምስት ቀዳዳው በ139.7 ቢገጥምም መሀሉ ከጠበበ ቸርኬው ፊቱ ላይ አይቀመጥም። በመዶሻ እንዲያስገቡት የሚነግርዎትን ሰው አይስሙት።

ጥያቄ፦ ሰፊ ጎማ አስገጥሜ ከውስጥ በኩል አርሙን ይነካል። ቸርኬዬ ኢቲ 25 ነው። 30 ሚሊሜትር ስፔሰር (በሞዞና በቸርኬ መካከል የሚገባ ማራቂያ) ላድርግ?

መልስ፦ 30 ሚሊሜትር ስፔሰር ማለት ቸርኬዎን ኢቲ −5 ማድረግ ማለት ነው። ለመጀመሪያው ጠያቂ ስለ መሪና ስለ ኩሽኔታ ያልኩት ሁሉ እርስዎንም ይመለከታል። በመጀመሪያ ምን ያህል እንደሚነካ ይለኩ። 5 ሚሊሜትር የጎደለው ሰው 30 አይጨምርም።

ስፔሰር በራሱ መጥፎ ነው አልልም። መጥፎ የሚያደርገው አገጣጠሙ ነው። ሞዞውን በመሀል ቀዳዳው አጥብቆ የሚይዝ መሆን አለበት። ቀጭን ሳህን መሰል ስፔሰር ከሆነ ለዳዶው የሚተርፈውን የቡሎን ጥርስ ያሳጥረዋል። ዳዶው ቢያንስ የቡሎኑን ውፍረት ያህል መንከስ አለበት። 12 ሚሊሜትር ውፍረትና 1.5 ጥርስ ላለው ቡሎን ስምንት ሙሉ ዙር ማለት ነው። በእጅዎ እያዞሩ ይቁጠሩት፤ ከስምንት በታች ከሆነ አይንዱት። የራሱ ቡሎን ያለው ወፍራም ስፔሰር ይህ ችግር የለበትም። ነገር ግን የድሮዎቹ ቡሎኖች ከስፔሰሩ ፊት አልፈው ወጥተው ከሆነ ቸርኬው ተለጥፎ አይቀመጥም። ሁለት ስፔሰር ደራርቦ መግጠም ፈጽሞ አይደረግም። ከቸርኬው ሥር ያሉት ዳዶዎች ስለማይታዩ፣ ቸርኬውን አውርደው በየጊዜው ማጥበቅ እንዳለብዎም ይወቁ። አንዳንድ አገር ደግሞ ስፔሰር ጭራሽ ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ መኪናዬን 5 ሳንቲሜትር አስነሳሁት። ጎማው ግን አሁንም ጉድጓድ ውስጥ ስገባ ፓራፋንጎ ይነካል። ለምን?

መልስ፦ ማንሳቱ መኪናው ቆሞ ሳለ ክፍተት ሰጥቶዎታል። ጉድጓድ ውስጥ ሞላው ሙሉ በሙሉ ሲጨፈለቅ ግን ጎማው ድሮ ይደርስበት ወደነበረው ቦታ ነው የሚወጣው። እዚያ የሚያስቆመው ሻንሲው ላይ ያለው የላስቲክ ማቆሚያ ነው፤ እሱ አልተነካም። ወይ ማቆሚያውን ያስረዝሙ፣ ወይ ጎማውን አንድ ደረጃ ያሳንሱ። የቸርኬውን ኢቲ ከጻፉልኝ ደግሞ የትኛው እንደሚሻል አብረን እናሰላዋለን።